ከደረጃ ወደቅሁ ያለችው የሻረግ

የሻረግን ያወቅኋት ሮማ በገባች በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ዘመኑ በእኛ አቆጣጠር 1973 ነበር። በሰው ቤት የምንሠራ ሐበሾች ሁሉ ዕረፍታችን ሐሙስ ከሰዓትና እሁድ ስለነበር፣ በነዚያ ቀኖች ካስትሮ ፕሬቶሪዮ፣ ከባቡር ጣቢያው ጎን፣ የሰፈራችን ገበያ ይመስል ነበር። ደብዳቤ የመጣላት ታነባለች፤ መርዶ የመጣላት ታለቅሳለች፤ አዲስ የመጣች ደግሞ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ዳር ቆማ ሰው ታያለች። የሻረግንም እኔና ጽጌረዳ ያገኘናት እንደዚያው ዳር ቆማ ነው።

እኔ ትብለጥ እባላለሁ። ያን ጊዜ ሮማ ከገባሁ አራት ዓመቴ ነበር። ጽጌረዳ ከእኔ ቀድማ የመጣች፣ ሳቋ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ሴት ነበረች። ሌላ ሰው ፊት ላይ ጉድለት ሲያይ ዐይኑን ያሸሻል፤ ጽጌረዳ እንዲህ ያለ ነገር አታውቅም።

«ውይ እህቴ፣ አፍንጫሽን ምን አገኘው?» አለቻት ገና ስሟን ሳትጠይቃት።

«ከደረጃ ወድቄ ነው።»

«መቼ?»

«ድሮ።»

የሻረግ መልከ መልካም ነበረች። ጠይም፣ ረጅም፣ ዐይኗ ትልልቅ። ነገር ግን በሁለቱ ዐይኖቿ መካከል፣ አፍንጫ ከግንባር ተነሥቶ መውረድ በሚጀምርበት ቦታ፣ አጥንቱ ወደ ውስጥ ገብቶ አውራ ጣት የሚያስገባ ጉድጓድ ሆኖ ነበር። ከጉድጓዱ በታች አፍንጫዋ እንደገና ይነሣና ወደ ግራ ያዘነብላል። ስትተነፍስ ቀጭን ፉጨት ይሰማል። መነጽር ብታደርግ ስለሚንሸራተትባት፣ ክር በመርፌ የምታስገባው ዐይኗ ሥር አስጠግታ ነበር።

ለዕረፍት ቀናችን ማረፊያ ፒኜቶ በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተን ስለነበር ሦስተኛ አድርገን አስገባናት። ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ሙሉ ሐሙስና እሁድ አብረን በላን፣ አብረን ፀጉር ተሠራራን። ስለ ደረጃው ግን አንድም ቀን ከዚያ የበለጠ አልተናገረችም።

እውነቱን የሰማሁት በመጨረሻ ነው። ነገሩ እንዲገባችሁ ግን አሁኑኑ ልናገረው።

የሻረግ አባትና እናቷ የሞቱባት ልጅ ናት። ጉለሌ አካባቢ ረዳ ከሚባል ታናሽ ወንድሟ ጋር አንዲት ቤት ተከራይታ ትኖር ነበር። እሷ ልብስ ስፌት ትሠራለች፣ እሱ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ይማራል። በ1970 ታኅሣሥ፣ ቅዳሜ በጠራራ ፀሐይ፣ ሦስት የቀበሌ አብዮት ጠባቂዎች ረዳን ሊወስዱ መጡ። የሻረግ ሁለት እጇን ዘርግታ በሩ ላይ ቆመች። ከሦስቱ አንዱ ቀጠን ያለ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነበር። መንገድ እንደሚለምን ጨዋ ሰው ዝቅ ብሎ፣

«ዞር በይልኝ እመቤቴ» አላት።

ዞር አላለችም። ጠመንጃውን ገልብጦ በሰደፉ ሁለቱ ዐይኖቿ መካከል መታት። ስትነቃ ረዳ የለም። በሦስተኛው ቀን መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። ያን ጊዜ ማልቀስም ክልክል ነበር። ሐኪም ቤት ብትሄድ «ማን መታሽ?» መባሏ ስለማይቀር አልሄደችም፤ ጎረቤት ቅቤ አድርጎ በጨርቅ አሰረላት። አጥንቱ እንደተሰበረ ገጠመ።

ከዓመት በኋላ አንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት የነበረው ጣሊያናዊ ቤተሰብ ሠራተኛ ፈልጎ ቀጠራት። ሲኞራዋ፣ የቤቱ ወይዘሮ፣ ስለ አፍንጫዋ ስትጠይቃት ምን ትበል? ጠባቂ መታኝ ብትል የጸረ አብዮተኛ እህት መሆኗ ይወጣል። «ከደረጃ ወድቄ ነው» አለች። ቤተሰቡ ወደ አገሩ ሲመለስ ይዟት ሊሄድ የመውጫ ፈቃድ በጠየቀላት ጊዜም፣ ፎቶዋን አይቶ ለጠየቃት ሰውዬ ይህንኑ ደገመችለት። ውሸቱም አብሯት አውሮፕላን ተሳፈረ።

ሲኞራዋ ክፉ ሴት አልነበረችም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ግን ያ ፉጨት ያሳፍራት ነበር። የሻረግ ሾርባ ስታቀርብ እንግዶቹ ቀና ብለው ያዩና ወዲያው ወደ ሳህናቸው ይመለሳሉ። የቤቱ ትንሽ ሴት ልጅ ደግሞ «ቦክሰኛዋ» የሚል ስም አወጣችላት፤ ሕፃን ናትና ለፍቅር ነው። የሲኞራዋ እህት ባል፣ ፕሮፌሶር ካርዴላ የሚሉት፣ የታወቀ የፊት ቀዶ ሐኪም ነበር። አንድ እሁድ ምሳ በልቶ ሲያበቃ የሻረግን ጠራት፤ መስኮት አጠገብ አስቀምጦ አገጯን ይዞ ወደ ብርሃን አዞራት።

«ይኼን እኔ አቃናዋለሁ» አለ ለሲኞራዋ። «ተማሪዎቼም እንዲህ ያለ አያገኙም።»

የሻረግ ሁለት ወር አሰበችበት። አንድ ሐሙስ እኛ ክፍል ውስጥ፣ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ፣ «ልሠራው ነው» አለች።

«ለሲኞራ ብለሽ ነው?» አልኳት።

«ለራሴ ነው። ጠዋት ጠዋት ፊቴን ስታጠብ እጄ እዚያ ጉድጓድ ላይ ይደርሳል። ሰለቸኝ።»

ጉድጓዱ ውስጥ ማን እንዳለ ያኔ አላወቅሁም።

ፕሮፌሶሩ በክሊኒኩ ሲመረምራት አውራ ጣቱን አጥንቱ ላይ ጫን አድርጎ ከላይ ወደ ታች ዳሰሰው። አፍንጫ የላይኛው እኩሌታ አጥንት፣ የታችኛው ለስላሳ መሆኑን፣ የእሷ የላይኛው ተሰብሮ ወደ ውስጥ መግባቱን ነገራት። መልሶ ሊሰብረው፣ ሊያቃናው፣ የጎደለውን ደግሞ ከጎድኗ ለስላሳ አጥንት ቆርጦ ሊሞላው ነው። ከዚያ ጣቱን ሳያነሣ፣

«ይኼ ግን ደረጃ አይደለም» አላት። «ከደረጃ የወደቀ እጁን ያስቀድማል፤ ቢሰበርም ጫፉ ነው። ይኼ ከፊት ለፊት፣ ጠርዝ ባለው ከባድ ነገር የተመታ ነው። ማነው የመታሽ?»

«ደረጃ ነው፣ ፕሮፌሶሬ።»

«አሎራ፣ እንግዲያው ደረጃ ብለን እንጽፋለን» ብሎ ጻፈ።

የረዳን ጉርድ ፎቶ ይዛ ሄዳ ነበር። የወንድምና የእህት አፍንጫ አንድ ነበርና «እንደዚህ ያድርጉልኝ» አለችው። ፎቶውን አየት አድርጎ መለሰላት። «ከዚህ የበለጠ አሳምርልሻለሁ» አላት።

ኅዳር 1977 ቀዶ ሕክምናውን አደረገላት። እኔና ጽጌረዳ ሐሙስ ብርቱካን ይዘን ልንጠይቃት ሄድን። ሁለቱም ዐይኖቿ አብጠው ጠቁረዋል፤ ከግንባሯ እስከ አፍንጫዋ ጫፍ ጄሶ ተለጥፏል፤ ቀዳዳዎቹ በጥጥ ስለተደፈኑ በአፏ ነበር የምትተነፍሰው። ጎድኗ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ከአፍንጫዋ ይልቅ እሱ ነበር የሚያማት። ከተኛችበት ራስጌ ስድስት ወጣት ሐኪሞች በየተራ አጎንብሰው ያዩዋት ነበር። ጽጌረዳ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «እንደ ሙዚየም ዕቃ አደረጓት እኮ» አለች።

ጄሶው ሲነሣ አብሬያት ነበርኩ። ነርሷ መስታወት ሰጠቻት። የሻረግ ብዙ ጊዜ አየች። ከግንባሯ ጀምሮ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ሰልካካ አፍንጫ ነበር፤ እንዲያውም መነሻው ላይ ከእኛ ሰው ትንሽ ከፍ ያለ፣ የፕሮፌሶሩን የራሱን የመሰለ። በሌባ ጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ አፏን ዘግታ በአፍንጫዋ ሳበች። ፉጨት የለም። እንደገና ሳበች።

«ረዳን አልመሰልኩም» አለችኝ በአማርኛ፣ ነርሷ እንዳይገባት። «ግን ያም ሰውዬ ሄዷል።»

«የቱ ሰውዬ?»

«ተዪው።»

ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ላይ ሴቶቹ «ለየሻረግ የጣልያን አፍንጫ ተሰፋላት» እያሉ አንድ ወር ሳቁባት። እሷም አብራቸው ሳቀች። ያቺ ዓመት የሻረግ የሳቀችባት ዓመት ናት። መነጽር ገዛች፤ ፎቶ ተነሣች፤ ፀጉሯን ወደ ኋላ ማስያዝ ጀመረች።

በ1978 መስከረም ጽጌረዳ ሰው አገኘች። ግዛቸው ይባላል። በሱዳን በኩል የመጣ፣ የስደተኛ ወረቀት ይዞ ወደ ካናዳ ለመሄድ ተራ የሚጠብቅ ነበር። ድሬዳዋ አስተማሪ እንደነበርና ደርግ ሁለት ዓመት እንዳሰረው ይናገራል። ጨዋ ነው፤ ይቀልዳል፤ ጣልያንኛ ባይችልም የሰው ሁሉ የእንግሊዝኛ ቅጽ ይሞላል፤ ለአሮጊቶች ከወንበር ይነሣል። ጽጌረዳ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ሠርጉን አነሡ። ለእኔም፣ «ትብለጥ፣ እኛ ከደረስን አንቺን ለመጥራት ዓመት አይፈጅብንም» ብሎ ቃል ገባልኝ። አመንኩት፤ ወደድኩትም።

አንድ እሁድ ፒኜቶ ክፍላችን ምሳ ጠራነው። የሻረግ እስከዚያ ቀን አላየችውም ነበር፤ ሲኞራዋ ባሕር ዳርቻ ይዛት ሰንብታለች። ዘግይታ መጣች፤ ሰላም ብላው፣ እጇን ታጥባ በቀጥታ ማእድ ቤት ገባች። እኛ ቤት ማእድ ቤቱና መታጠቢያው በአንድ ጠባብ በር ነው የሚገባው። የሻረግ ሳህኖቹን ደርድራ በትሪ ይዛ ስትወጣ ግዛቸው እጁን ሊታጠብ ተነሥቶ በሩ ላይ ተገናኙ። እሱ ዝቅ ብሎ፣ ፈገግ ብሎ፣

«ዞር በይልኝ እመቤቴ» አላት።

ትሪው ወደቀ። መጀመሪያ ከብዷት ነው ብዬ ሮጥኩ። የሻረግ የተሰበሩትን ሳህኖች አላየችም። እሱን ነበር የምታየው።

«አንተ ነህ» አለች።

«እህቴ፣ ይቅርታ፣ አስደነገጥኩሽ?»

«አንተ ነህ የመታኸኝ። ጉለሌ። ረዳን የወሰድከው አንተ ነህ።»

ጽጌረዳ ከወንበሯ ተነሣች። ግዛቸው እንደ መሳቅ ብሎ ወደ እኛ ዞረ።

«እኔ ጉለሌን ረግጬም አላውቅ። እኔ የድሬዳዋ ሰው ነኝ። ደግሞስ ምኑን ነው የመታሁሽ? ይኼን የመሰለ አፍንጫ ይዘሽ!»

ጽጌረዳ ሳቀች። ከጭንቅ የወጣች ሰው ሳቅ ነበር። እኔም ፈገግ አልኩ መሰለኝ። የሻረግ ግን እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ፣ «ተሰብሮ ነበር፤ አሠርቼው ነው፤ በሰደፍ ነው የሰበርከው» አለች።

«የሻረግ!» አለች ጽጌረዳ። «ከደረጃ ወደቅሁ ብለሽ አይደለም እንዴ የነገርሽን? ለእኔ አልነገርሽኝም? ለትብለጥስ?»

የሻረግ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ጎንበስ ብዬ የሳህን ስባሪ መልቀም ጀመርኩ።

በማግስቱ የሰው ሸሚዝ እየተኮስኩ ሳለ ነገሩ ድንገት ብልጭ አለልኝ። እሷ «የመታኸኝ» አለች እንጂ የት ላይ እንደመታት አልተናገረችም ነበር። አፍንጫ የሚለውን ቃል መጀመሪያ ያወጣው እሱ ነው። ካውያውን አስቀምጬ ጽጌረዳ ወደምትሠራበት ቤት ስልክ ደወልኩ።

«ጽጌ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስለ የሻረግ ቀዶ ሕክምና ለግዛቸው ነግረሽው ነበር?»

ቶሎ አልመለሰችም። «ነግሬዋለሁ» አለች ቆይታ። «ለምን?»

«እንዲያው ነው።»

ስልኩን ስዘጋ ሸክም የወረደልኝ መሰለኝ። ነገረችው፤ ስለዚህ ሊያውቅ ይችላል፤ አበቃ። ዝምታዋን ለምን እንዳልቆጠርኩት አሁን ብትጠይቁኝ መልሱን አውቀዋለሁ። ካናዳ መሄድ ፈልጌ ነበር።

የሻረግ በዚያው ሳምንት ፕሮፌሶር ካርዴላ ዘንድ ሄደች። አብሬያት እንድሄድ ለመነችኝ፤ ሄድኩ። ያን ቀን በትራም ላይ ነው ታሪኩን በሙሉ የነገረችኝ፣ በሩን፣ ረዳን፣ ሁሉንም። ሐኪሙ በትሕትና ተቀበለን። መጀመሪያ አፍንጫዋን ይዞ ወደ ብርሃን አዞረና ረካ።

«ፕሮፌሶሬ፣ ያን ጊዜ ደረጃ አይደለም ብለውኝ ነበር» አለችው። «ልክ ነበሩ። የመታኝ ሰው እዚህ ሮማ አለ። ያዩትን ይጻፉልኝ።»

መዝገቧን አስመጣ። አገላበጠ። «እዚህ የተጻፈው ደረጃ ነው» አለ።

«እኔ ስላልኩ ነው እንጂ እርስዎ አላመኑኝም ነበር።»

«ሲኞሪና፣ እኔ ሐኪም ነኝ፤ ምስክር አይደለሁም። ከዓመት በፊት በጣቴ የገመትኩትን ዛሬ በወረቀት ልማልበት አልችልም። አጥንቱን ልይ ብልም አሮጌው የለም። ያንን እኔው ሰብሬዋለሁ። አሁን ያለው የእኔ ሥራ ነው።»

ከቀዶ ሕክምናው በፊት የተነሣችው ፎቶ እንዲሰጣት ጠየቀችው። ይህን አልከለከላትም፤ ለትምህርት ከሚያሳያቸው ሥዕሎች አንዱን በልግስና አውጥቶ ሰጣት። ጉድጓዱ በደንብ ይታያል። ማንነቷ እንዳይታወቅ ግን ዐይኖቿ ላይ ጥቁር መስመር አስምረውበታል። የማንም ሴት ፎቶ ሊሆን ይችል ነበር። በመንገድ ላይ አንዴ አይታው ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

የቀራት አባ ተስፋ ሥላሴ ብቻ ነበሩ። አባ ካቶሊክ ቄስ ናቸው፤ ሮማ ሊማሩ መጥተው የቀሩ፣ እኛን ኦርቶዶክሶቹንም ሳይለዩ የሚረዱ። ለስደተኞቹ ያስተረጉማሉ፣ የድጋፍ ደብዳቤም ይጽፋሉ። ለግዛቸው ሊጽፉለት ቃል ገብተውለት ነበር። የሻረግ ሄዳ ተንበርክካ እንዳይጽፉለት ለመነቻቸው። ሁላችንንም ጠርተው አነጋገሩን። ግዛቸው እርጋታው አልተለየውም፤ «አባ፣ እህታችን ወንድሟን አጥታለች፣ አልፈርድባትም፤ ደርግ ሁላችንንም አሳብዶናል» አለ። እሱን አስወጡና እኔን አስቀሩኝ። የሻረግ ጥግ ላይ ተቀምጣለች።

«ትብለጥ ልጄ፣ አምስት ዓመት አብረሻት ኖረሻል። አፍንጫዋን ምን እንዳገኘው ምን ብላ ነበር የነገረችሽ?»

«ከደረጃ ወደቅሁ ብላ ነው፣ አባ።»

«ሁልጊዜም እንደዚያ ነው ያለችሽ?»

«እስካለፈው ሳምንት ድረስ፣ አዎ።»

አባ መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን አሹ። «በዚያ እሁድ ያየሽው ወይም የሰማሽው፣ እኔ ማወቅ ያለብኝ ሌላ ነገር አለ?»

የሻረግ ከጥጉ ቀና ብላ አየችኝ።

«የለም፣ አባ» አልኩ።

አባ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረው፣ «ልጄ፣ እኔ ዳኛ አይደለሁም። በጥርጣሬ በአንድ ሰው ነፍስ ላይ አልፈርድም፤ ደብዳቤውን እጽፍለታለሁ። ከሁለቱ ቃልሽ የትኛውን እንደማምን አንቺው ራስሽ አስቸገርሽኝ» አሏት። የሻረግ ተነሥታ እጃቸውን ሳመችና ወጣች። እኔ አጠገብ ስታልፍ አላየችኝም።

ሠርጉ በጥር ሆነ። ሚዜዋ እኔ ነበርኩ። ሰኔ ላይ ወረቀታቸው ደረሰ። የጽጌረዳን ሻንጣ ስናስር፣ ሁለታችን ብቻ ሳለን፣ ሻንጣው አልዘጋ ብሎን ላዩ ላይ ተቀምጣ ሳለች እንዲህ አለችኝ።

«ትብለጥ፣ አልነገርኩትም ነበር።»

«ምኑን?»

«ስለ የሻረግ ቀዶ ሕክምና። ስትጠይቂኝ ነግሬዋለሁ ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ምን ላወራው? ስለ ሰው አፍንጫ አውርተን አናውቅም።»

አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። «ታዲያ ታውቂያለሽ ማለት ነው?»

«ያን ዕለት እዚያው ነው ያወቅሁት። ስስቅ አላየሽኝም?» እንባዋ ይወርዳል፤ እጇ ግን የሻንጣውን ማሰሪያ ይስባል። «አሥራ አንድ ዓመት የሰው ወለል ወልውያለሁ። ሌላ ሰው አይመጣልኝም። ሰው ይለወጣል ይላሉ። አንቺስ? አንቺ አልሰማሽም ነበር?»

ሻንጣውን አብሬያት ተጭኜ ዘጋሁላት።

ከካናዳ ሦስት ደብዳቤ ጻፈችልኝ። በመጀመሪያው ስለ በረዶው፣ በሁለተኛው ወንድ ልጅ ስለመውለዷ። ሦስተኛው አጭር ነበር፤ ግዛቸው ደብዳቤ መጻጻፏን ስለማይወድ እንዳልመልስላት ነበር የምትለው። ስለ መጥራቱም ሆነ ስለ ወረቀቴ ማንም ምንም አላነሣም። እኔም አልጠየቅሁም፤ በምን አፌ?

የሻረግ ፒኜቶ መምጣት ተወች። ዕቃዋን ለመውሰድ አንድ ጊዜ እኔ ሥራ ላይ በሆንኩበት ማክሰኞ ቀን መጥታ፣ የራሷን ድርሻ ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ሄዳለች። የሲኞራዋንም ቤት ለቀቀች። ምክንያቱን የሰማሁት ከሌላ ሴት ነው። ፕሮፌሶሩ በአንድ የሐኪሞች ጉባኤ ላይ ሊያሳያት ፈልጎ ሲኞራዋ ልበሺና ነይ ብትላት «አልሄድም» ብላ ነው። ከዚያ በኋላ አንዲት አልጋ ላይ የዋለች አሮጊት መጦር ጀመረች። በሁለት ዓመቱ ከጎድኗ የተወሰደው አጥንት መጣመም ጀመረና አፍንጫዋ መነሻው ላይ ወደ ቀኝ ዘመም አለ። እንዲህ ያለው ነገር እንደሚያጋጥም፣ እንደገና ከፍቶ ማቃናት እንደሚቻል ሐኪሙ በሰው ልኮባት ነበር አሉ። አልፈለገችም።

በ1983 ግንቦት ደርግ ወደቀ። ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሙሉ ቀን እልልታ ሆነ። የሞቱትን ፎቶ ይዘው የወጡ ነበሩ፤ የወንድም፣ የባል፣ የልጅ። እኔ በሰዉ መካከል የሻረግን ፈለግሁ። አልመጣችም። በዚያው ሐሙስ አሮጊቷን ወደምትጦርበት ቤት አድራሻ ጠይቄ ሄድኩ።

በሩን ራሷ ከፈተች። አምስት ዓመት አልተያየንም ነበር። ሸብታለች። አስገባችኝ፤ ማእድ ቤት ውስጥ ካለች ትንሽ ጠረጴዛ አጠገብ ወንበር ሳበችልኝ። ወዲያ ማዶ ካለው ክፍል የአሮጊቷ ሳል ይሰማል። ዙሪያ ጥምጥም ልሄድ አስቤ ነበር፤ አልቻልኩም።

«የሻረግ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው የመጣሁት። ያን ዕለት፣ አፍንጫ የሚለውን ቃል አንቺ ከማለትሽ በፊት እሱ ነው ያለው። ሰምቼዋለሁ። አባ ሲጠይቁኝ ደበቅሁ። ጽጌረዳም አልነገረችውም፤ ራሷ ነግራኛለች። ካናዳ ይወስደኛል ብዬ ነው። ይቅር በዪኝ።»

የአሮጊቷን መድኃኒት ማንኪያ ላይ እየቀዳች ነበር። ቀድታ ጨረሰች፤ ጠርሙሱን ከደነች።

«እኔም ሰምቼዋለሁ» አለች።

«ምን?»

«ሲናገር። እዚያው ነው የሰማሁት።»

«ታዲያ ለምን ለአባ አልነገርሻቸውም?»

«ከእኔ አፍ ቢወጣ ሌላ ውሸት ይሆን ነበር። ማን ያምነኝ ነበር? ካንቺ አፍ እንዲወጣ ፈለግሁ። ‹ሌላ ነገር አለ?› ሲሉሽ ቀና ብዬ ያየሁሽ ለዚያ ነበር።» ማንኪያውን አነሣች። «ቆይ፣ የመድኃኒቷ ሰዓት እንዳያልፍባት።»

ገባች። አሮጊቷን በጣልያንኛ ስታባብላት፣ ትራሷን ስታስተካክልላት ሰማሁ። ብዙ ቆየች። ስትመለስ ቆማ ቀረች፤ እኔም ተነሣሁ። እስከ በሩ ሸኘችኝ።

«ደርግ ወደቀ አይደል?» አለችኝ።

«ወደቀ።»

«ጥሩ።» የበሩን እጀታ ይዛ ትንሽ ቆየች። «ትብለጥ፣ ክፉ አይደለሽም። ግን ሐሙስ ሐሙስ አትምጪብኝ። ያቺን ቀን ብቻዬን ማረፍ ለምጃለሁ።»

በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።